በጦርነት ለቆሰሉ ልጆች ማሳከሚያ ልናሰባስብ ነው፦ ስንት ብር፣ የት ይታከሙ፣ በማን እጅ ይቀመጥ?

የቦርከናው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ኮምቦልቻ የሰፈራችን እድርና የወጣቶች ማኅበር ተባብረን በጦርነቱ ለቆሰሉ ሦስት ልጆች ማሳከሚያ ልናሰባስብ አስበናል። አንዱ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ነው፤ ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል፣ ቁስሉ ድኗል፣ በክራንች ይሄዳል። ሁለተኛዋ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ጭኗ ውስጥ ጥይት ቀርቷል። ትራመዳለች፣ ግን ቤተሰቡ «ጥይቱ ይውጣላት» ነው የሚለው። ሦስተኛው 6 ዓመቱ ነው፤ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተኮማትረው ቀርተዋል።

ለእያንዳንዱ ስንት ብር ብለን እንነሳ? እዚሁ ደሴ ይታከሙ ወይስ አዲስ አበባ? ገንዘቡስ በማን ስም ይቀመጥ? አንዳንዱ «ፎቷቸውን ቲክቶክ ላይ ልቀቁት፣ በአንድ ሌሊት ይሞላል» ይለናል። ሌላው ደግሞ ያለ ቁጥጥር የሚገባ ገንዘብ እድሩን ያፈርሰዋል ባይ ነው። የምታውቁ ብትመክሩን።

———

ፊዚዮ፦

አብሽሩ፣ ደግ ነገር ነው የጀመራችሁት። «ለእያንዳንዱ ስንት» የሚለውን ለጊዜው ትቼ ከልጆቹ ልነሳ፤ ሦስቱ ልጆች ሦስት ዓይነት ወጪ ናቸውና። የመጀመሪያው ልጅ ወጪ እስኪያድግ ድረስ እየተመላለሰ ይመጣል። የልጅቷ ምናልባትም ከራጅና ከምርመራ አያልፍም። የትንሹ ደግሞ ከቀዶው ይልቅ ከቀዶው በኋላ ያሉት ወራት ናቸው ብር የሚበሉት።

እግሩ የተቆረጠው ልጅ። ሰው ሠራሽ እግር አንድን አዋቂ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ለሚያድግ ልጅ ግን የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚመክረው በየ6 ወሩ እንዲቀየር ነው። አስሉት፤ 18 ዓመት እስኪሞላው 9 ዓመት ይቀረዋል። በየ6 ወሩ ከሆነ 18 እግር፣ እያብቃቃችሁ በዓመት አንድ ብትሉት እንኳ 9 እግር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አሰባስባችሁ፣ እግሩን አስለብሳችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ከተለያያችሁ በሚቀጥለው ዓመት ይጠበዋል። ጉቶው (ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል) ይቆስላል፣ ልጁ ሰው ሠራሹን እግር አውልቆ ጥግ ያስቀምጠውና ወደ ክራንቹ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት መዋጮ አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እንዲህ ነው።

ለዚህ ልጅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ የኖረ ነው። ኮሚቴው የሚያስፋፋው የአሠራር ዘዴ ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃና ጭቃ ይችላል፣ ሲበላሽም ይጠገናል። አሠራሩ ሲጠቃለል፦ መጀመሪያ ጉቶው ይታያል፤ ቁስል አለ ወይ፣ እብጠቱ ወርዷል ወይ፣ ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል ወይ። ከዚያ በጀሶ ልኬት ይወሰዳል። ከልኬቱ የጉቶው ቅርጽ ይሠራና የጋለ ፕላስቲክ ይለበጥበታል፣ ውስጡ ለስላሳ ሽፋን ይገባለታል። በመጨረሻ እግሩ ተገጥሞ ይስተካከላል፣ የመራመድ ልምምድ ይጀመራል። ልጁ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ከሆነ ከአስታማሚው ጋር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ደሴ ይቆያል ብላችሁ ያዙ። ማዕከሉ ማደሪያ ይስጣቸው አይስጣቸው፣ የሚከፈል ነገር ይኑር አይኑር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወጪያችሁ በአመዛኙ ከፕላስቲኩ አይደለም፤ ከትራንስፖርት፣ ከማደሪያ፣ ከሁለት ሰው ቀለብና ወላጅ ከሥራው ከሚቀርበት ቀን ነው።

ሳንቲም ሳታወጡ ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራ ነገርም አለ። በክራንች የሚሄድ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ ስለሚውል ጅማቱ ያጥራል። ጉልበቱ ካልተዘረጋ ደግሞ እግሩ ተሠርቶም በደንብ አይቆምለትም። ከጉልበቱ ሥር ትራስ አይደረግለት፣ በቀን ደጋግሞ በሆዱ ይተኛ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ እያጠበቀ ያሠራ። ጉቶው በኢላስቲክ ባንዴጅ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይጠቅለል፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ። ከላይ ጠብቆ ከታች ከላላ ጫፉ እንደ አምፖል ያብጥና ልኬቱን ያበላሻል። ክራንቹንም እዩለት፤ የክራንቹ ራስ ከብብቱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ልጁም ክብደቱን በእጁ እንጂ በብብቱ አይሸከም። በብብቱ ከተንጠለጠለ የክንዱ ነርቭ ይጎዳል።

ለወላጆቹ ከአሁኑ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። በሚያድግ ልጅ የተቆረጠው አጥንት ማደጉን አያቆምም። ከሥጋው ቀድሞ ይሾልና ጫፉን ከውስጥ ይወጋዋል፣ አንዳንዴም ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። ያኔ እንደገና በቀዶ ሕክምና ማሳጠር ግድ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ላይም ከአንድ ጊዜ በላይ ይደረጋል። የመጀመሪያው ሐኪም አበላሸው ማለት አይደለም፤ የዕድሜው ጠባይ ነው። በጀቱ ውስጥ ቦታ ይኑረው።

የልጅቷ ጥይት። «ጥይቱ ይውጣላት» የሚለው ልመና ፌስቡክ ላይ የማይታይበት ሳምንት የለም፤ ግን ጥይት ሥጋ ውስጥ ቀረ ማለት ብቻውን ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም። የሚወጣው መገጣጠሚያ ውስጥ ከሆነ ነው (የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እርሳሱን እያሟሟ መገጣጠሚያውንም ደሙንም ይጎዳል)። ወይም ነርቭ ወይም የደም ሥር ከተጫነ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ከቆዳው ሥር ሆኖ ስትቀመጥ ስትነሳ የሚያሠቃያት ከሆነ። ከዚህ ውጭ ጥልቅ ሥጋ ውስጥ ያለን ጥይት ፍለጋ መቅደድ ከጥይቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ የፊትና የጎን ሁለት ራጅ ዳሌዋንና ጉልበቷን ጨምሮ ይነሳ፣ የአጥንት ሐኪም ይየው። «አይነካ» ካለ የእናንተ ገንዘብ ለምርመራና ለክትትል ብቻ ይሆናል፤ ለቤተሰቡም ሐኪሙ ራሱ ቢያስረዳቸው ነው የሚሻለው። ኤምአርአይ የታዘዘላት እንደሆነ ሰውነቷ ውስጥ ብረት እንዳለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የጥይቱ ጉድጓድ እስካሁን የሚያዥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አጥንቱ ቆስሎ ይሆናል። የሞተ አጥንት ውስጥ እያለ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየገዙ መስጠት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የትንሹ ልጅ እጅ። የተኮማተረው ጠባሳ ይለቀቃል፣ ክፍት በሚቀረው ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ ከጭን የተወሰደ ቆዳ ይተከላል። ሕዝቡ «ኦፕራሲዮኑ» ብሎ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ ይጀምራል፤ ለወራት እጁን ዘርግቶ የሚይዝ ስፕሊንት ማሰር፣ በየቀኑ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ፣ ጠባሳውን በቫዝሊን ማሸት። ይህ ካልተደረገ እጁ ተመልሶ ይጨበጣል። ቢደረግም ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ ስለማይለጠጥ፣ አጥንቱ እያደገ ሲሄድ ሌላ ቀዶ ሊያስፈልግ ይችላል። 6 ዓመቱ ስለሆነ ረጅም መንገድ ነው።

———

ካርድ ክፍል፦

ፊዚዮ የልጆቹን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ የወረቀቱን ልበል። ገንዘብ ተሰብስቦ ልጅ ሳይታከም የሚቀረው በወረቀት ምክንያት ነው።

ከብሩ በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ፋይል ይዘጋጅ፦ የካርድ ቁጥር፣ ሲወጣ የተሰጠው የሕክምና ማጠቃለያ፣ የቀዶው ማስታወሻ፣ የራጅ ፊልም ወይም ሲዲ፣ የልደት ወይም የቀበሌ ማስረጃ፣ የወላጅ መታወቂያ። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፤ የዚያን ሰሞንና ከዚያ በፊት የታከመ ልጅ የድሮ ካርዱ ላይገኝለት ይችላል። ስለዚህ ቤት ያለችው ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ፎቶ ተነስታ ትቀመጥ።

ሦስቱም መጀመሪያ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይታዩ። እግሩ የተቆረጠው ከዚያ ወደ ተሃድሶ ማዕከሉ ያልፋል፣ ልጅቷ እዚያው ትጨርሳለች ብዬ እገምታለሁ። አዲስ አበባ የሚያስሄደው የትንሹ እጅ ሊሆን ይችላል። ለቃጠሎና ለፕላስቲክ ሰርጀሪ የካቲት 12 እና አለርት የታወቁ ናቸው። የልጆች የአጥንትና የአካል ጉዳት ላይ የሚሠራው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አለ፤ እዚያ ሕክምናው ለልጆች በነፃ ነው፣ ግን የሚቀበሉትን ጉዳት ዓይነት ለይተው ነው። ልጁን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶውንና የሕክምና ወረቀቱን ልካችሁ ይቀበሉት አይቀበሉት ጠይቁ። «ከሄድን አይመልሱንም» ብሎ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያለ ቀጠሮ በር ላይ መቆም የመዋጮውን ግማሽ በአልጋ ኪራይ ይጨርሰዋል።

የጤና መድኑን አትርሱት። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ፣ መታወቂያው የታደሰ ከሆነና ከጤና ጣቢያ በሪፈር ከመጣ ብዙው ነገር ይሸፈናል። መስመሩን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ግን መድኑ ሙሉውን አይከፍልለትም። ዕድሳቱ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ወቅቱ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ከሆነ ቀበሌውና ወረዳው በነፃ መታከሚያ መዝገብ ውስጥ ያስገቡት እንደሆነ ጠይቁ። አዲስ አበባ ሲሆን ደግሞ የወረዳው መድን ከዚያ ሆስፒታል ጋር ውል ይኑረው አይኑረው አጣሩ፤ ውል ከሌለ ካርዱ እዚያ አይሠራም። ሆስፒታሉ ውስጥ የታጣ መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ ደረሰኙ ላይ የልጁ ስምና ካርድ ቁጥር ይጻፍበት።

ቀዶ ሕክምና ከመቀጠሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ የትንሹ ልጅ ደም እዚሁ ይመርመር፤ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ይደረግለት። ደም ማነስ ወይም የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ወስዳችሁት «ሁለት ወር አብሉትና አምጡት» ተብሎ ይመለሳል፣ የተተከለ ቆዳም በተራበ ሰውነት ላይ አይዝም። ያን አንድ ወር እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ ማብላት ከመዋጮው ቢወጣ የሚያስቆጭ አይደለም። ጉንፋንና ትኩሳት ካለበትም ሰመመን ሰጪው ያስተላልፈዋል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ታይቶ ይሂድ።

ውጭ አገር ስለመላክ የሚያወራ ሰው ይመጣባችኋል፣ የማይቀር ነው። ለውጭ ሕክምና እዚህ አገር እንደማይታከም የሚያረጋግጥ የሜዲካል ቦርድ (የሐኪሞች ጉባኤ) ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪውንም ባንኩን ጠይቁ። ከጻፋችሁት የሦስቱም ጉዳት እዚሁ የሚሠራ ነው።

ብር የሌለው ጎረቤት ደግሞ ደም ይስጥ። ደሴ የደም ባንክ አለ፤ 18 ዓመት የሞላው፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝንና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

———

ሒሳብ ሹም፦

ፊዚዮና ካርድ ክፍል ያሉትን ይዤ ወደ ብሩ ልግባ። ዋጋ እዚህ አልጠራላችሁም፤ ዛሬ የጠራሁት በሚቀጥለው ወር ስለማይሠራ። ስሌቱን ልስጣችሁ።

የአንድ ጉዞ ወጪ ማለት የልጁና የአንድ አስታማሚ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ሲደመር ማደሪያ በሌሊቱ ብዛት፣ ሲደመር ምግብ በሁለት ሰው በቀኑ ብዛት፣ ሲደመር የከተማ ውስጥ ታክሲ ነው። እግሩ የተቆረጠውን ልጅ እንውሰድ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እግር በ10 ቀን ቆይታ፣ በመካከል ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በ2 ቀን ቆይታ። 24 ቀን መጣ፤ ለሁለት ሰው 48 የምግብ ቀን። ይህንን በዛሬ ዋጋ አባዙትና የዓመቱን አግኙ። ከዚያ ለልጁ ጫማ፣ የክራንች ጎማ፣ የጉቶ ካልሲ (ቢያንስ ሦስት፣ እየታጠበ እንዲቀያየር) ጨምሩ። ከላይ 25 በመቶ ለዋጋ ንረትና ላልታሰበ ነገር ያዙ። የ9 ዓመቱን በአንዴ ማሰባሰብ አትችሉም፣ አያስፈልግምም። የሁለት ዓመቱን አሰባስቡ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በየወሩ በትንሽ በትንሹ በሚከፍሉ ሰዎች ሸፍኑት። በወር 100 ብር የሚሰጡ 40 ሰዎች አንድ ጊዜ 50,000 ብር ሰጥቶ ከሚጠፋ አንድ ሰው ይሻላሉ፤ በዓመት 48,000 ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም አለ። እድር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ከወርኃዊ መዋጮ ጋር አብሮ ይሰበሰባል።

ለሚገዛ ነገር ሁሉ፣ የአጥንት ማያያዣ ብሎንም ይሁን ፕሌት ወይም መድኃኒት፣ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አምጡ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አይያዝም፤ ፕሮፎርማው የሚያገለግልበት ቀን ይጻፍበት።

ሒሳቡ በግለሰብ ስም አይከፈት፤ የእድሩ ሊቀመንበር ቢሆን እንኳ። በእድሩ ስም፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ፣ ሦስት ፈራሚ ያለው፣ በሁለቱ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይሁን። ሦስቱ ፈራሚዎች ከአንድ ቤት አይሁኑ። ባንኩ ቃለ ጉባኤ፣ የእድሩን ምዝገባና ማኅተም ይጠይቃል። ከሰፈር አልፋችሁ ከሕዝብ በሰፊው ልታሰባስቡ ከሆነ ግን መጀመሪያ የከተማውን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ ወይም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ሥር ግቡ። ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ሣጥን ይዞ መቆም ለልጆቹ ሳይሆን ለእናንተ ነው ጣጣው።

ቴሌብር ለትንንሽ መዋጮ ጥሩ ነው። ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ባንኩ ይዛወር፣ የአንድ ሰው ስልክ ላይ አይከማች። ማስታወቂያችሁ ላይ የሒሳቡን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሒሳቡን ስም ጻፉ፣ ሰው ከመላኩ በፊት የሚወጣለት ስም ያ መሆኑን እንዲያይ። አጭበርባሪ የሚያደርገው የእናንተን ጽሑፍ ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ መቀየር ነውና። «ልኬያለሁ» ብሎ የሚመጣ የስክሪን ፎቶም ገንዘብ አይደለም፤ የሚቆጠረው ስቴትመንት ላይ የገባው ነው።

አንድ ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ፦ ከአንዱ ልጅ የተረፈ ለማን ይሆናል? ቤተሰቡ ከአካባቢው ቢሄድስ? ልጁ ቢያርፍስ? ሐኪሙ «ቀዶ አያስፈልግም» ቢልስ (የልጅቷ ነገር ወደዚያ ነው የሚያደላው)? ሰጪው «ለዚህች ልጅ ጥይት» ብሎ ከሰጠ በኋላ ወደ ሌላ ማዞር ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ጥሪው ራሱ «ለሦስቱ ልጆች ሕክምና፣ ትራንስፖርትና ክትትል፤ የተረፈው በተመሳሳይ ለተጎዳ ልጅ» ቢል ይቀላል።

ክፍያ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለሆስፒታሉ፣ ለፋርማሲው፣ ለማደሪያው ይሁን። በጥሬው ለወላጅ አትስጡ።

———

ጦሳ ሥር፦

ሒሳብ ሹም በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የመጨረሻዋን ግን አልቀበላትም። እናት አዲስ አበባ ልጇን ይዛ ወጥታ ለሻይ፣ ለሞባይል ካርድ፣ ለሽንት ቤት ሳንቲም ሁሉ ኮምቦልቻ ያለ ኮሚቴ ጋር እየደወለች ትለምን? የቀን አበል ተቆርጦ ይሰጣት፣ ፈርማ ትውሰድ፣ ደረሰኝ አትጠየቅበት። ትልልቁ ክፍያ በቀጥታ ይሂድ፣ እሱ ላይ እንስማማለን። የልጇ ሒሳብ ምን እንደገባበት፣ ምን እንደወጣበትም በየወሩ ይነገራት። በስሟ ተለምኖ እሷ የማታውቀው ገንዘብ ሲኖር ነው ሐሜቱ የሚጀምረው። «ስንት ሰበሰቡብን» የሚለው ወሬ ሰኞ ገበያ ከደረሰ በኋላ ኦዲት አያድነውም።

ስለ ቲክቶኩ፦ የልጁን ፊት አትልቀቁት። የ9 ዓመት ልጅ ነገ 19 ይሆናል፤ ያ ቪዲዮ ግን አይጠፋም። ትምህርት ቤት ይሰደብበታል። የልጅቷማ ጭን ነው፣ ጭራሽ አይሞከርም። ደግሞም ጦርነቱ ገና በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ትኩስ ነው። ፎቶው ሥር የሚመጣው አስተያየት ልጁን ረስቶ ማን ተኮሰ ወደሚል ንትርክ ይገባል፣ መዋጮውም እዚያ ላይ ይቆማል። ዕድሜ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የሐኪሙ ደብዳቤ (ስምና ካርድ ቁጥሩ ተሸፍኖ)፣ የፕሮፎርማው ድምር፤ ለሚሰጥ ሰው ይህ ይበቃዋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰጪ ካለ ኮሚቴው ጋር መጥቶ ዋናውን ይመልከት፤ ማኅተሙን፣ የሐኪሙን ቲተር፣ ቀኑን። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ካለው ደብዳቤውን እዚያ ማስመስከር ይቻላል።

መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ማናገራችሁ አይቀርም፣ አገራችን ወሎ ነው። ዘካ የሚሰጥ ሰው ካለ ግን ከሰደቃው ለይታችሁ መዝግቡት። ዘካ ተቀባዮቹ የተወሰኑ ናቸው፤ ለችግረኛው ቤተሰብ እንጂ ለኮሚቴው ማስታወቂያ ኅትመት ወይም ለስልክ ወጪ አይሆንም። ኢማሙን ጠይቃችሁ እሳቸው ባሉት ሂዱ። የአስተዳደር ወጪያችሁን ሁሉ ከእድሩ ካዝና ሸፍኑት፣ ከልጆቹ ገንዘብ አንድ ብር እንዳትነኩ።

———

የቦርከናው፦

አላህ ይስጥልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘነው። የጥይቱን ነገር እንዲህ አላሰብነውም ነበር፤ መጀመሪያ ራጅ እናስነሳለን። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ውጭ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ያገለገለ ሰው ሠራሽ እግር፣ ዊልቸርና መድኃኒት በሻንጣ እንላክ እያሉን ነው፤ እንቀበል? ልጁ ለልኬት ሲሄድስ ምን ይዞ ይሂድ?

———

ሒሳብ ሹም፦

መድኃኒቱን በሻንጣ አትቀበሉ። የመድኃኒት ልገሳ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ነው የሚገባው። ዓለም አቀፉ መመሪያም ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት ይላል፤ ከሰው መሳቢያ የተሰበሰበ ግማሽ ብልቃጥ ደግሞ ማንም ሐኪም አያዝዘውም። «ዕቃ እንላክ» ለሚሉት የሒሳቡን ቁጥር ስጧቸው።

———

ፊዚዮ፦

ያገለገለ እግር ለልጁ አይሆንም። ጉቶው የሚገባበት ክፍል ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚሠራ ነው፤ የሌላ ሰው ጥርስ እንደማትገጥሙለት ነው። መላኩ ካልቀረ ከመቀበላችሁ በፊት ለማዕከሉ አሳዩ፤ ከውስጡ የሚያገለግል ክፍል ካለ እነሱ ያውቁታል። ዊልቸሩም ለዚህ ልጅ አያስፈልገውም፤ ጉልበቱ የተረፈለት ልጅ መራመድ አለበት፣ ዊልቸር ላይ ከለመደ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል። ለሌላ ልጅ የምትቀበሉ ከሆነም የአዋቂ ወንበር ላይ ልጅ አታስቀምጡ፣ ጀርባው ይጣመማል። የፊት ጎማው ትንንሽና ቀጭን የሆነው የሆስፒታል ዓይነትም ድንጋይ መንገድ ላይ አይሄድም።

ለልኬት ሲሄድ፦ ሪፈሩን፣ ራጁን፣ ሲቆረጥ የተጻፈለትን ማስታወሻ ይያዝ። አጭር ቁምጣ ይልበስ። ጉቶው ላይ ቁስል፣ እከክ ወይም ፈንገስ ካለ መጀመሪያ ያ ይዳን፤ ከነቁስሉ ልኬት አይወሰድም፣ ተመለሱ ትባላላችሁ። ባንዴጁን እስከ ማዕከሉ በር ድረስ አስሮ ይሂድ፤ ሲሄድ ፈትቶ ከዋለ ጉቶው ስለሚያብጥ ሶኬቱ (ጉቶው የሚገባበት ክፍል) ሰፍቶ ይሠራና በሳምንቱ ይወልቅበታል። የሚንከባከበው ሰው ራሱ ይሂድ እንጂ መንገድ የሚያውቅ ሌላ ዘመድ አይላክ። ማሠሩን፣ ማጠቡን፣ ቆዳው ሲቀላ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚማረው እሱ ነው። አዲሱን እግር አውልቆ ቀይ ቦታ ካየና ቅላቱ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ፣ ማድረጉን አቁሞ ወደ ማዕከሉ ይመለስ።

ጫማ ግዙለትና ሁለቱንም፣ የቀኙንም የግራውንም፣ ይዞ ይሂድ። ባለሙያው የእግሩን ቁመትና አቀማመጥ የሚያስተካክለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ነው። በሸበጥ ተለክቶ በስኒከር ከሄደ፣ ወይም ተገላቢጦሹ፣ ጉልበቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋበታል። በኋላ ጫማ ስትቀይሩለትም ተረከዙ ተመሳሳይ ከፍታ ያለው ይሁን፤ ለበዓል ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ገዝታችሁ እግሩን አበላሸነው እንዳትሉ።